ልጄ ያልተረጎመው ቃል

ሰው ሰደብኩ፤ ስድቡን ልጄ ተረጎመላቸው። የተረጎመው ግን ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ እኔው ዘንድ ቀረና ጾሙን በሙሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ውስጥ ተሰንቅሮ ከረመ። የተሰደቡት ጎረቤቴ ናቸው። ምክንያቱ ደግሞ ጨዋታ ነው፤ ያውም በእግር የምንጫወተው ክብ ኳስ ሳይሆን አሜሪካኖች በክንዳቸው ታቅፈው የሚሮጡት ሞላላ ኳስ።

ቀኑ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ እሑድ፣ የጾመ ነቢያት የመጀመሪያ ቀን። በፈረንጆች ኖቬምበር 24 ቀን 2024 መሆኑ ነው። ጠዋት አስቀድሼ፣ ነጠላዬን አጣጥፌ መኪናው ውስጥ አስቀምጬ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሆነውን ልጄንና ጎረቤቴን ይዤ ወደ ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ ነዳሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ መሄድ ስላልቻለ ሦስት ትኬት ሰጥቶኝ ነበር። ዋሽንግተን ከዳላስ። እዚህ አካባቢ የሚኖር ሰው ይህን ሲሰማ ማብራሪያ አይጠይቅም፤ አዲስ አበባ ላይ ጊዮርጊስ ከቡና እንደማለት ነው።

ጎረቤቴን «ጋሽ ዳላስ» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ በሆዴ ነበር። ልጄ አፉ አላርፍ ብሎ ነገራቸውና «ጋሽ» ምን ማለት እንደሆነ ካስረዳኋቸው በኋላ ራሳቸው ስልክ ሲደውሉ «ጋሽ ዳላስ ነኝ» ማለት ጀመሩ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። ተወልደው ያደጉት እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከምሥራቅ ካፒቶል ጎዳና ብዙ ሳይርቅ ነው። የሚደግፉት ግን ዳላስን ነው። ከመታጠብ ብዛት ሰማያዊው የነጣ 22 ቁጥር ማሊያ አላቸው። ቴክሳስን የረገጡት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ለቀብር።

እኔ እንዴት ዋሽንግተን ሆንኩ ለሚል፣ በፍርሃት ነው። የመጣሁት በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ነው፤ የሰኔው ተኩስ ጆሮዬ ውስጥ ገና አልበረደም ነበር። ወር ያህል እንደቆየሁ፣ በመስከረም 9 ሌሊት፣ ከሦስት ልጆች ጋር የተከራየነው አፓርትመንት በጩኸት ተናጋ። ከፍራሼ ተንከባልዬ መስኮቱ ሥር ተጋደምኩ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ መብራት አብርቶ አየኝና ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ዋሽንግተን ዳላስን 14 ለ 13 አሸንፎ ነው። ሳንታና ሞስ የሚባል ተጫዋች ባለቀ ሰዓት ሁለት ታችዳውን (ኳሷን እስከ ሜዳው ጫፍ አድርሶ ስድስት ነጥብ ማግኘት ነው) አስቆጥሮ ሕንጻው ሁሉ አብዷል። በእኩለ ሌሊት የሚሰማ ጩኸት የደስታ የሚሆንበት አገር ካለ እኔም ከሚጮኹት ወገን ልሁን አልኩ። በኋላ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስቀጠር ጎጆዋ ውስጥ ያለችው ሬዲዮ ቀሪውን አስተማረችኝ። እንግሊዝኛዬም ቢሆን ግማሹ የስፖርት ሬዲዮ እንግሊዝኛ ነው።

ሃያ አንድ ሰከንድ

ስታዲየሙ ዙሪያ ያለው መኪና ማቆሚያ ጭስ በጭስ ነበር። ሰዉ የመኪናውን የኋላ በር ከፍቶ፣ ከሰል አያይዞ ቋሊማና የጎድን ሥጋ ይጠብሳል፤ ሠርግ ቤት ይመስላል። እኛ ባለቤቴ በክዳን ዕቃ ያደረገችልንን ሱፍ ፍትፍት ይዘናል። ጋሽ ዳላስ በሹካ ቀመሱና «ይህ ነጭ ነገር ከምን እንደተሠራ ባትነግረኝ ይሻላል» ብለው ዕቃውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። አላፊ አግዳሚው ማሊያቸውን እያየ ይተርባቸዋል። አንዱ «አባት፣ ዛሬ በጊዜ ወደ ቤት ቢገቡ ይሻልዎታል» ሲላቸው «መጀመሪያ ምሳዬን ልጨርስ» አሉት።

እውነቱን ለመናገር የሄድነው ድል ልናይ እንኳ አልነበረም፤ ድሉ ያለቀ ነገር ነው ብለን ነበር። ዳላስ አምስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ነው የመጣው፤ ዋናው ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳስ እየወረወረ ቡድኑን የሚመራው ዳክ ፕሬስኮትም ተጎድቶ ከሜዳ ውጪ ነው። እኛ ደግሞ ጄይደን ዳንኤልስ የሚባል ገና የመጀመሪያ ዓመቱ የሆነ፣ ከተማውን በአንድ እጁ ያነሳ ልጅ አለን። ሦስት ሩብ ሙሉ ጨዋታው እንደ ቀዘቀዘ ሽሮ ነበር። በአራተኛው ሩብ ሁለቱም አበዱ። ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ተጠግተን 20 ለ 17 ስንሆን የዳላሱ ካቮንቴ ተርፒን የተመታችለትን ኳስ መጀመሪያ አምልጣው፣ መልሶ ይዟት፣ ተሽከርክሮ 99 ያርድ ሮጠ። 27 ለ 17። በዙሪያችን ያለው ሰው መነሣት ጀመረ። እኔም ልነሣ ስል ልጄ ወንበሩን ጨብጦ እንቢ አለ።

ልጄ ልክ ነበር። ልዩነቱ ወደ ሰባት ጠበበ፤ ከዚያ 21 ሰከንድ ሲቀር ዳንኤልስ ለቴሪ ማክሎሪን ወረወረለት፤ ማክሎሪን በተከላካዮቹ መሐል ተሹለክልኮ ጨረሰው። 86 ያርድ። የማላውቀው ግዙፍ ሰው አንሥቶ አሽከረከረኝ። ልጄ ወንበር ላይ ቆሞ እንባው እየወረደ ይጮኻል። 27 ለ 26። አቻ ለመሆን የቀረችው ተጨማሪዋ አንድ ነጥብ ናት። እሷ ደግሞ እንደ ፍጹም ቅጣት ምት ናት፤ ከዚያም ትቀላለች። ሰው ስትመታ እንኳ አያያትም፤ ቢራ ሊገዛ ይሄዳል። እርግጥ መቺው ኦስቲን ሲበርት ከጉዳት የተመለሰ ነበር፤ ቀደም ብሎም አንዷን ስቷል። ያን ሰዓት ግን ይህን ማን ያስታውሳል?

ኳሷ ዝቅ ብላ ተወረወረች። የሚያስቀምጠው እንደምንም አስቀመጣት። ሲበርት መታ። ወደ ግራ ወጣች።

ስታዲየም ሙሉ ሰው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሲስብ ድምፁ የዝናብን መጀመሪያ ይመስላል። ከዚያ ዝም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ዞር ስል ጋሽ ዳላስ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፤ ይስቃሉ። ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቃነቅ። ዛሬ ሳስበው የፌዝ ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ሳያስበው የጠፋበትን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ሲያገኝ የሚስቀው ዓይነት ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ የታየኝ ሌላ ነው። ከተማዬ ሞታ አጠገቤ ሰው ይስቃል። ያውም የከተማይቱ ልጅ።

«ምን ያስቅሃል?» አልኩ፤ በአማርኛ። «አንተ ከሃዲ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከፊታችን ሜዳው ላይ የእኛዎቹ ኳሷን መልሰው ለመያዝ አሳጥረው የመቷትን ዳላሶች ቀምተው ሌላ ታችዳውን እያስቆጠሩ ነበር፤ ጨዋታው 34 ለ 26 ያለቀው በእሷ ነው። እኔ እሷን ያየኋት ማታ በቴሌቪዥን ነው። በዚያች ሰዓት የማየው የጋሽ ዳላስን ፊት ነበር። ቃሉን አልሰሙትም፤ ቃናውን ግን ሰምተውታል። ወደ ልጄ ዘወር ብለው «አባትህ ምን አለኝ?» አሉት።

ልጄ አየኝ። ለትልቅ ሰው አትዋሽ እያልኩ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ቃሉን በእንግሊዝኛ ነገራቸው፤ አንዲት ቃል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። «ከሃዲ»ን ማለቴ ነው። «አንተ» የምትለዋን አልተረጎማትም፤ ሊተረጉማትም አይችልም። በእንግሊዝኛ አንተም አንቱም አንድ ናቸው። ከእሳቸው ጋር ለዓመታት በእንግሊዝኛ ሳወራ በልቤ ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበርኩ፤ ቤት ውስጥ ስናነሣቸው «እሳቸው» ነን፤ ሚስቴ «ሽማግሌው በረዶ እንዳይጠርጉ ሂድና ጥረግላቸው» ትለኛለች። አንቱታው በእንግሊዝኛው ሥር ተደብቆ የኖረ የእኔ ብቻ ነገር ነበር። ሲወድቅም የሰማነው እኔና ልጄ ብቻ ነን። እሳቸው ከሃዲ መባላቸውን እንጂ ከወንበራቸው መውረዳቸውን አላወቁም።

መውጫው ላይ

ከዚያ ስታዲየም መኪና ይዞ ለመውጣት ከተሸነፉ በኋላ አንድ ሰዓት፣ ካሸነፉ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሰልፉ ውስጥ ገብተን ቆመናል። ፊት ለፊታችን ያለው መኪና መስኮት ላይ አንድ ሰው ግንባሩን አስደግፏል። ልጄ ከኋላ እንደተኛ ሰው ዓይኑን ጨፍኗል። ይቅርታ እንዴት እንደምል ሳሰላስል ጋሽ ዳላስ ራሳቸው ጀመሩ። ስለ አባታቸው።

አባታቸው ፖስታ ቤት ደብዳቤ ለያይ ነበሩ። ኳስ በሬዲዮ ይከታተላሉ፤ የከተማቸው ቡድን ስም ግን በቤታቸው አይጠራም። የቡድኑ ባለቤት ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል ጥቁር ተጫዋች አላስገባም ብሎ ነበር። ሌሎቹ የሊጉ ቡድኖች ሁሉ ሲያስገቡ እሱ ብቻ ቀረ። አዲሱ ስታዲየም በፈረንጆች 1961 ሲከፈት በሩ ላይ ተቃዋሚዎች ተሰልፈው ነበር። አባት የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸውን እጅ ይዘው ከሰልፉ ቆሙ። «ከቤታችን የጨዋታው ጩኸት ይሰማ ነበር» አሉኝ ጋሽ ዳላስ፤ «አባቴ ያን ጊዜ መስኮቱን ይዘጋል።»

ማርሻልን ያንበረከከው ኅሊናው አይደለም፤ መሬቱ ነው። ስታዲየሙ የተሠራው በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ስለነበር የኬኔዲ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ስቱዋርት ዩዳል፣ ወይ ጥቁር ተጫዋች ታስገባለህ ወይ ስታዲየሙን አታገኝም አለው። በ1962 ቦቢ ሚቸል መጣ። የሚገርመው የሚቸል የመጀመሪያ ጨዋታ ከማን ጋር ሆነ? ከዳላስ ጋር፣ ዳላስ ላይ። የተመታችለትን ኳስ ይዞ 92 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ፤ 35 ለ 35 ወጡ። ጋሽ ዳላስ ይህን ሲናገሩ በጣታቸው የመኪናው ዳሽቦርድ ላይ የሩጫውን መንገድ ሣሉልኝ። አባትየው ግን አልተመለሱም። ሰውየው ተገድዶ ያደረገውን ወድዶ እንዳደረገ አልቆጥርለትም አሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያን ጊዜ ከሩቅ የመጣ፣ ከማርሻል ጋር የተቀያየመ፣ ከተመሠረተ ገና ሁለት ዓመቱ የሆነ ቡድን ነበር። ዳላስ።

ቅያሜውስ ቢሆን እንዴት ያለ ነው! ማርሻል ዳላስ ሊጉ ውስጥ እንዳይገባ ይቃወም ነበር። የዳላሱ ሀብታም ክሊንት መርቺሰን ታዲያ ከማርሻል ጋር የተጣላውን የሙዚቃ ጓድ መሪ አግኝቶ የዋሽንግተንን ቡድን መዝሙር የባለቤትነት መብት ገዛው። ማርሻል መዝሙሩን እንደ ዓይኑ ብሌን ይወዳል። ድምፅህን ስጠኝና መዝሙርህን ውሰድ ተባለ፤ ሰጠ። ዳላስ በ1960 ተመሠረተ። ጠላትነቱ ገና አንድ ጨዋታ ሳይደረግ በዘፈን ተጀመረ ማለት ነው። የእኛ አዝማሪዎች ይህን ቢሰሙ ዋጋቸውን ይጨምሩ ነበር።

«22 ቁጥር ማሊያው የኤሚት ስሚዝ ይመስልሃል አይደል?» አሉኝ ሰልፉ ትንሽ ሲንቀሳቀስ። ሁልጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የቦብ ሄይስ ነው። ሄይስ በ1964 ቶኪዮ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ወርቅ ወስዶ በዓመቱ ለዳላስ የተሰለፈ፣ በኋላም የሊጉን ፍጻሜ፣ የሱፐር ቦውልን የአሸናፊ ቀለበት ያጠለቀ ሰው ነው። «አባቴ ያንን ልጅ ለማየት ሲል ቴሌቪዥን ገዛ።»

ቶኪዮ ሲሉ እኔ ውስጤ የነቃው አበበ ነው። ያው ኦሊምፒክ፣ ያው ስታዲየም፤ አበበ ማራቶኑን ጨርሶ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ የነበረበት። ነገርኳቸው። «ያ ቀጭኑ ወታደር? ያንተ አገር ሰው ነው?» አሉና መስኮቱን ከፍተው ለብዙ ጊዜ ወደ ውጪ አዩ። ከዚያ እስከ ቤት ድረስ ስለ ስድቡ ማንም ምንም አላለም።

ካሳ

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሽንፈቱ አልነበረም፤ እሱ ማክሰኞ ይለቃል። ያሳሰበኝ ቃሉ ከየት መጣ የሚለው ነው። «ከሃዲ» በልጅነቴ ከሬዲዮ የሚሰማ ቃል ነበር። ትልልቆቹ ሲሰሙት ድምፁን ይቀንሱታል እንጂ አይደግሙትም። ሰው የሚበላ ቃል ነው። ይህን ቃል ሃያ ዓመት ሙሉ ሳልጠራው ባሕር አሻግሬ አመጣሁና የሳተ ኳስ ሲያናድደኝ አንድ አዛውንት ላይ ለጠፍሁት። ያውም ሥጋ ጾሜ፣ ጠዋት ቅዳሴ ቆሜ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲሉ እኔን ነው።

ደግሞስ ማን ነኝ እኔ? ቡና ደጋፊ ነኝ። ለምን ቡና ሆንክ ብባል መልሴ ታላቅ ወንድሜ ቡና ስለሆነ ነው። ወንድሜ ለምን? ሰፈሩ። ከጊዮርጊስ ደጋፊ ልጆች ጋር የተደባደብኩባቸውን ቀናት አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱን ግን ፈልጌ አላገኘሁትም። ዋሽንግተንንም የመረጥኩት በአንድ ሌሊት ድንጋጤ ነው። እሳቸው ግን ለምን ዳላስ እንደሆኑ ያውቃሉ፤ ቀኑን፣ ሰልፉን፣ የተዘጋውን መስኮት ያውቃሉ። ምክንያት የሌለው ሰው ምክንያት ያለውን ከሃዲ አለው።

በልቤ ግን እንዲሁ መሸነፍ አልፈለግሁም። በሳምንቱ ቡና ጠጥተን ሳለ አንድ ነገር አነሣሁባቸው። የአሁኑ የዳላስ ባለቤት ጄሪ ጆንስ በ1957 የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ጥቁር ተማሪዎች እንዳይገቡ በተከለከሉበት ትምህርት ቤት በር ላይ ከተሰበሰበው ሕዝብ መሐል የሚታይበት ፎቶግራፍ አለ። በ2022 ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር፤ እሱ የሄድኩት ነገሩ ምን እንደሆነ ለማየት ነው ብሏል። ዋሽንግተን ደግሞ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ስድብ ነው የተባለውን የቀድሞ ስሙን በ2020 ጥሏል፤ ኳርተርባኩም ጥቁር ወጣት ነው። ታዲያ አባትዎ ዛሬ ቢኖሩ የትኛውን መስኮት ይዘጉ ነበር?

ጋሽ ዳላስ ሲኒውን አስቀመጡ። ፎቶውን በወጣበት ቀን አይተውታል። «ዳግ ዊሊያምስ በ1988 ለዋሽንግተን ሱፐር ቦውሉን ሲያሸንፍ፣ ለአንድ ቀን ዋሽንግተን ሆኜ ነበር» አሉ። ዊሊያምስ ያንን ዋንጫ በኳርተርባክነት ያነሣ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነው። «አባቴን ጠራሁት፤ ሳሎን ድረስ መጥቶ ቆሞ አየ። አልተቀመጠም። ካለቀ በኋላ ጥሩ ልጅ ነው ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። እኔም በማግስቱ ወደ ዳላሴ ተመለስኩ። ለምን አትበለኝ። ምክንያቱ አብሮት ተቀበረ፤ እኔ የቀረኝ ማሊያው ነው።»

ይህን ሲሉ ስድቡን ሙሉውን ልነግራቸው ወሰንኩ። ልጄ ያልተረጎመላቸው ነገር እንዳለ፣ እኛ ዘንድ ለታላቅ አንቱ፣ ለታናሽና ለእኩያ አንተ እንደሚባል፣ ለዓመታት በሆዴ አንቱ ስላቸው ኖሬ በዚያች ሰከንድ አንተ እንዳልኳቸው። ማስረዳቱ ረጅም ጊዜ ወሰደ። መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ዝም አሉ።

«ማለት ከከሃዲው ይልቅ ያቺ ትብሳለች?»

«ለእኔ ትብሳለች።»

«እኔ ለአንተ የቱን ነው የምለው?»

«እርስዎማ አንተ ይሉኛል። ታላቄ ነዎት።»

ይህን እንደ ጥሩ ዜና ተቀበሉት። ካሳ ምን ልክፈል ስላቸው ግን አላሰቡበትም፤ ያዘጋጁት ይመስል ወዲያው ነው የፈረዱት። ጃንዋሪ 5 ዳላስና ዋሽንግተን እንደገና ሲጫወቱ እሳቸው ሳሎን ውስጥ፣ የዳላስ ቆብ አድርጌ፣ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው።

ታኅሣሥ 27 ነበር፤ ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ባለቤቴ ሱፍ ፍትፍቱን በትልቁ ዕቃ ላከች። ቆቡ ጠበበኝ። ልጄ በስልኩ ፎቶ አንሥቶኝ ለአጎቶቹ ሁሉ ልኮብኛል። ዳንኤልስ ከእረፍት በኋላ አልተሰለፈም፤ የገባው ማርከስ ማሪዮታ ነው። እኔ ቃሌን ጠብቄ ተቀምጫለሁ፤ ዳላስ ሲያስቆጥር አጨብጭቤያለሁ፤ ሁለት ጊዜ። ዳላስ 19 ለ 16 እየመራ ሰከንዶች ሲቀሩ ማሪዮታ ወረወረ። የተቀበለው ያው ማክሎሪን ነው። 23 ለ 19።

መነሣቴን አላስታውስም። ቆቡ በርሮ ሱፍ ፍትፍቱ ላይ እንዳረፈ የነገረኝ ልጄ ነው። እኔ የማስታውሰው ከጀርባዬ የመጣውን ድምፅ ብቻ ነው፤ «ሃ»ውን እንደ «ካ» እያሉ፣ ልጄ ለስንት ቀን እንዳስጠናቸው እግዜር ይወቅ፦

«አንተ ከካዲ!»